ጓዳው የማን ነበር?

በአገራችን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ወዳጆች ዘንድ አንድ የቆየ ቅሬታ አለ። ሙዚቃውን ጥቂት ሰው ብቻ በሚያውቀው ዘመን ያገኙት አድማጮች፣ አሁን በታክሲ፣ በሠርግና በትልልቅ የሙዚቃ ድግሶች ላይ ሲሰሙት የራሳቸውን ነገር እንደተነጠቁ ይሰማቸዋል። ረቂቅነቱ ጠፋ፣ ለጭፈራ ብቻ ሆነ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነ ይላሉ። ከእነሱ በኋላ የመጡትና በቁጥር እጅግ የሚበልጡት ደግሞ ሰው ካልሰማው ለማን ተሠራ ብለው ይመልሳሉ። ሙግቱ ጓዳ ይሻላል ወይስ አደባባይ የሚል ይመስላል። እኔ ግን ጥያቄው ገና ከመነሻው ቦታውን ስቷል እላለሁ። ነገሩን ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ካለችው ከደምበጫ ሆነን ብናየው፣ ያ ጓዳ መጀመሪያውኑ ለእኛ የተከፈተ አልነበረም። ሙዚቃው ወደ ሕዝብ መውጣቱ እዚህ ላለ ሰው ወደ ቤት መመለስ ነው። ሲመለስ ግን ከዚህ ወስዶት የሄደው ነገር አለና መጠየቅ ያለበት በዚያ ነው።

ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሲባል ኤሌክትሪክ የነካው ሙዚቃ ሁሉ ማለት አይደለም። ድምፁ ራሱ በማሽን የሚፈጠርበት፣ ወይም ከሌላ ቦታ የተቀዳ ድምፅ በኮምፒውተር ተቆርጦ፣ ተደጋግሞ፣ ፍጥነቱና ውፍረቱ ተለውጦ የሚቀናበርበት ሙዚቃ ነው። ያን ተቆርጦ የሚገባ ድምፅ ሙያተኞቹ ሳምፕል ይሉታል። የመሰንቆ አንድ ስባት፣ የዋሽንት አንድ ትንፋሽ፣ የእልልታ ቁራጭ ሳምፕል ሊሆን ይችላል። አንድ ወጣት አንዲት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በአንድ ላፕቶፕ የሙሉ ባንድ ሥራ ይሠራል። በብዙ አገር ይህ ሙዚቃ ከመኝታ ቤት የሚነሳውም ለዚህ ነው፤ ትልቅ ስቱዲዮም ሆነ የባንድ አባላት አይጠይቅም።

ማሽኑ ወደ ሙዚቃችን የገባው ግን ከላፕቶፕ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። በደርግ ዘመን የተጣለው የሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን ምሽት ካቀዘቀዘው በኋላ ጡሩምባና ሳክስፎን የሚያሰልፉት ትልልቅ ባንዶች እየሳሱ ሄዱ፣ ሸክላውም በካሴት ተተካ። ካሴቱ እየዋለ እያደረ ኪቦርድን አነገሠው፤ ከበሮውም፣ ቤዙም፣ ጡሩምባውም ከአንድ ሰው ጣት ሥር ወጡ። የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ከቀረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋህዶ «ሸሞንሟናዬ»ን በካሴት አወጣ። ሥራው ለዓመታት ተረስቶ፣ ባለቤቱም ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ሲኖር ቆይቶ፣ በ2013 እንደገና ሲታተም የውጭ አድማጭ እንደ ብርቅ ተቀበለው። በጎጃም በኩልም እንደ ይሁኔ በላይና ሰማኸኝ በለው ያሉ ድምፃውያን የአካባቢውን ዜማ በኪቦርድ ቅንብር ወደ አገሩ ሁሉ አድርሰዋል። ስለዚህ በደምበጫ ወይም በቡሬ የሠርግ ድንኳን ውስጥ የማሽን ከበሮ እንግዳ አይደለም፤ እናቶች ሳይቀሩ ለረጅም ዘመን እስክስታ የመቱበት ድምፅ ነው። ወጣቶቹ አዲስ ነገር አመጡ ስንል ይህን አስቀድመን ማስታወስ ይገባናል።

አዲስ ያመጡት ሌላ ነው። አቀናባሪዎቹ ሚካኤል ሰይፉና «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ፣ ማሽኑን ለዘፋኝ አጃቢ ከማድረግ ይልቅ የአዝማሪውን ድምፅ፣ ክራሩን፣ የመንገዱን ጩኸት ራሱን የሙዚቃው አካል አደረጉት። ሥራቸውንም «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው ሰየሙት። እ.ኤ.አ. በ2014 የሚካኤል «ያራዳ ልጅ» እና የእንደገና የመጀመሪያ ሥራ «1432 አር» በተባለ ዋሽንግተን በሚገኝ ትንሽ አሳታሚ በኩል ወጡ፤ የሚካኤል «ዘላለም» ደግሞ በ2016 ኒውዮርክ በሚገኝ ሌላ አሳታሚ በኩል ተከተለ። እነዚህ ሥራዎች ጥልቅ ናቸው፤ ዛሬም ሲሰሙ አላረጁም። ነገር ግን በየት በር እንደወጡ እንመልከት። የታተሙት በአሜሪካ ነው፤ ከፊሉ በሸክላ፣ ሸክላ ማጫወቻ ከቤታችን ከጠፋ ዘመናት በኋላ ማለት ነው። የተተቹት በውጭ መጽሔቶች ነው። የውጭ አገር ሰብሳቢዎችም ገዟቸው። ድምፁ ከእኛ አዝማሪ ጉሮሮ ተነሥቶ ለንደንና ኒውዮርክ ሲደርስ፣ አዝማሪው ያለበት ከተማ ግን አልደረሰም። ጥፋቱ የሠሪዎቹ አይደለም። አገር ውስጥ ይህን ዓይነት ሙዚቃ የሚያሳትም ቤት አልነበረም፤ የካሴት ገበያው ፈርሶ ነበር፣ በኢንተርኔት የሚሸጥበት መንገድም ገና አልተዘረጋም። ቢሆንም ዛሬ «ጓዳችን ተደፈረ» የሚለው አድማጭ ያ ጓዳ ማንን በር ላይ አስቀርቶ እንደነበር ሊያስብ ይገባዋል።

ሮፍናን ኑሪ እ.ኤ.አ. በ2018 «ነፀብራቅ» የተባለ አልበሙን ይዞ ሲመጣ ያደረገው ዋና ነገር በሩን ማስፋት ነው። ከዲጄነት የተነሣ ሰው ስለሆነ ጭፈራ ቤት ምን እንደሚያንቀሳቅስ ያውቃል፤ በላዩ ላይ በአማርኛ ዘፈነ፣ ግጥም አስገባ፣ ከተለያዩ ብሔረሰቦች ዜማና ምት ወሰደ። አልበሙን የሰማው ሰው ብዛት ከዚያ በፊት በዚህ ዘርፍ ያልታየ ነበር። በኋላም ዩኒቨርሳል ከተባለው ከዓለም ግዙፍ የሙዚቃ ኩባንያዎች አንዱ ጋር ተፈራረመ። የቀደሙት አድማጮች የሚሉት አንድ እውነት አለው፤ ዘፈን ሲገባ ጆሮ ቃሉን ይከተላል፣ የድምፁ ስፌት ከኋላ ይቀራል። ሃያ ጊዜ ቢሰማ በየጊዜው አዲስ ነገር የሚገኝበት ዓይነት ቅንብር ለብዙ ሺህ ሰው ጭፈራ አይመችም። ይህን አልክድም። ግን ከደምበጫ ለሚያዳምጥ ወጣት ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ በራሱ ቋንቋ ሲያናግረው የመጀመሪያው ነበር፤ ወደ ሚካኤል ሰይፉ ሥራ የሚመለስ ካለም በዚህ በር አልፎ ነው።

የዓለም ታሪክም ይህን ለመመዘን ይረዳል። ደብስቴፕ የተባለው ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ክሮይደን በተባለ የደቡብ ለንደን ሠፈር አካባቢ ተወለደ፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ደረት በሚያንቀጠቅጥ ቤዝ፣ ጥቂት ሰው ቆሞ የሚያዳምጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ስክሪሌክስ የተባለ አሜሪካዊ ያንን ቤዝ ወደ ጩኸት ለወጠው፤ በ2012 ሦስት የግራሚ ሽልማት ወሰደ፤ የለንደን አድማጮችም ይህ የእኛ አይደለም ብለው ተለዩ። ቅሬታቸው ሰው በዛ የሚል ብቻ አልነበረም። ሙዚቃው ከተወለደበት ሠፈር ርቆ ሄዶ፣ የሠፈሩን ዝምታና ክፍተት ጥሎ ስሙን ብቻ ይዞ ቀርቷል ነው የሚሉት። የደቡብ አፍሪካው አማፒያኖ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ በጆሃንስበርግና በፕሪቶሪያ ዙሪያ ባሉ የጥቁሮች ሠፈሮች ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ መጀመሪያ የገዛ ቤቱን ሞላ፣ ከዚያ ወደ ዓለም ወጣ። የእኛው ከሁለቱም ይለያል። መጀመሪያ ውጭ ታወቀ፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ፣ መጨረሻ ላይ ምዕራብ ጎጃም። ስለዚህ የለንደኖቹን ቅሬታ እንዳለ ወስደን ለእኛ ልናለብሰው አንችልም። መውሰድ የሚገባን አንዱን ክፍል ብቻ ነው፤ ሙዚቃው ሲጓዝ የተወለደበትን ጠባይ ጥሎ ሄዷል ወይ የሚለውን።

ዋናው ነገር ያለውም እዚህ ላይ ነው። የጎጃም እስክስታ ምት እያንዳንዱን መደብ ለሦስት የሚከፍል፣ ተንከባሎ የሚሄድ ምት ነው። ከበሮ መቺው ጨፋሪውን እያየ ይመታል፤ ትከሻው ሲግል ያፈጥናል፣ አውራጁ ሊገጥም ሲል ያዘገያል። የኮምፒውተሩ መደበኛ ሰሌዳ ግን አራት እኩል መደብ ነው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ፍጥነት። ቅኝቱም እንዲሁ ነው። መሰንቆ የሚጫወት ሰው ጭራውን ከገዛ ጉሮሮው ጋር ያስማማል፤ ኪቦርድ ግን ድምፁን ለ12 እኩል ቦታ ከፍሎ ተሠርቶ የመጣ ስለሆነ በመካከል ያለችዋን ድምፅ ወደ አንዱ ይገፋታል። አንቺ ሆዬ ቅኝት በኪቦርድ ሲሰማ አንዳች ነገር የሚጎድለው በዚህ ምክንያት ነው። አሁን ልብ በሉ፤ ይህ ጉዳት ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታዋቂ ስለሆነ የመጣ አይደለም። በሠርግ ቤት ኪቦርድ ለረጅም ዘመን ሲደርስ ኖሯል፣ ያን ጊዜ የጮኸ ሰው ግን አላየንም። እንዲያውም ላፕቶፑ ከኪቦርዱ የተሻለ ዕድል ይሰጣል። ፍጥነቱን በየመደቡ መለዋወጥ፣ ሦስቱን ምት በአራቱ ላይ ማስኬድ፣ ቅኝቱን ከአዝማሪው ድምፅ ለክቶ ማስተካከል ይቻላል። ሳያደርገው የሚቀር አቀናባሪ ማሽኑን ሊያመካኝ አይችልም። የብዙ ሰው ጆሮ አይገባውም ማለትም ምክንያት አይሆንም፤ በጎጃም ገጠር እስክስታ የሚመታው ሰው ይህን ምት ከልጅነቱ ጀምሮ በትከሻው ያውቀዋል።

ሽማግሌዎች የሚያነሡት ተቃውሞ ከዚህ የከበደ ነው። ማሽን የአዝማሪን እንጀራ ይዘጋል ይላሉ። እውነት ነው፣ አንድ ዲጄ የቀጠረ ደጋሽ አዝማሪ ላይጠራ ይችላል። ግን ባህል እንዲቆይ መሣሪያው ይታገድ ብንል የት እንጀምራለን? በየአውራጃው የነበሩት የኪነት ቡድኖች ክራሩን በኤሌክትሪክ አጩኸውታል፣ ቤዝ ክራርም ሠርተውለታል፤ ዛሬ ባህላዊ ባንድ ስንል የምናስበው ያንኑ ነው። የአዝማሪው እንጀራ ዋስትና የሚያገኘው ድምፁ በገባበት ሥራ ሁሉ ስሙና ድርሻው ሲከበርለት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ ብቻ ሳይሆን ለከዋኝም መብት ይሰጣል። በገጠር ገበያ የተቀዳ የአንድ እረኛ ዋሽንት በሕግ ፊት የከዋኝ ሥራ ነው። ዜማው የሕዝብ ነው ብሎ የነፋውን ሰው መርሳት ግን የተለመደ ነው፤ እኔን ከጓዳና ከአደባባይ ክርክር ይበልጥ የሚያሳዝነኝም ይኸ ነው። በዚህ ጉዳይ ቀደምቶቹም ዘግይተው የመጡትም እኩል ተጠያቂ ናቸው።

ምንጭን በስሙ ለመጥራት ጎጃም ጥሩ ሥርዓት አለው። በቅኔ ቤት የሰውን ቅኔ እንደራስ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው፤ ቅኔ ለዕለቱ አዲስ ሆኖ ይቆጠራል። መንገዱ ግን የጋራ ነው፣ የጋራ ቢሆንም ስሙ አይጠፋም። የዋሸራ ቤት፣ የጎንጅ ቤት፣ የዋድላ ቤት እየተባለ አንድ ባለ ቅኔ ከየት እንደተማረ፣ ከማን እንደወሰደ ይታወቃል። ይህ ፈጠራውን አያሳንስበትም፤ ይልቁንም ያስከብረዋል። አንድ አቀናባሪም ይህ ምት የደጋ ዳሞት ነው፣ ይህ ዋሽንት የእገሌ ነው ቢል ከሥራው ምንም አይቀነስበትም።

ችግሩ ስሙ የሚጻፍበት ቦታ ማጣቱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ ዘፈን በእጅ ወደሚተላለፍበት መንገድ ተመለሰ፤ በሚሞሪ ካርድና በፍላሽ የሚገለበጥ ሙዚቃ ደግሞ ሽፋንም ሆነ ማብራሪያ የለውም። አንዳንዴ ከቁጥር በቀር ርዕስ እንኳ አይኖረውም። ለዚህ መፍትሔው ያለው አዝማሪው ዘንድ ነው። እሱ ሊያስታውሰው የሚፈልገውን ሰው ስም በግጥሙ መካከል ይጠራዋል፣ የመጣበትንም አገር ይጠራል። ይህን ወስዶ የዋሽንት ነፊውን ስምና ቀዬ ሙዚቃው ውስጥ በራሱ በነፊው ድምፅ የሚያስገባ አቀናባሪ ቢገኝ፣ ያ ስም በማንኛውም ስልክ ላይ ቢገለበጥ ከዘፈኑ ጋር ደምበጫ ይደርሳል።