መዝገብ የሌላቸው አማካዮች

በመርካቶ ቤቲንግ ቤቶች የሚለጠፈው የጨዋታ ዝርዝር አርሰናልና ማንቸስተር ዩናይትድ ላይ አይቆምም፤ ወደ ታች ይወርዳል። ስዊንደን፣ አክሪንግተን፣ ሮዘርሃም፣ ዋልሳል፣ የእንግሊዝ የታችኛው እርከን ክለቦች ከነኦዳቸው ተደርድረዋል። ጎጃም በረንዳ ዕቃ ሲያራግፍ የዋለ ጎረምሳ ከተሞቹ የት እንደሆኑ ላያውቅ ይችላል፤ የትኛው ቡድን ሜዳው ላይ እንደሚያሸንፍ፣ የትኛው ደግሞ ቲኬት እንደሚያቃጥል ግን በቃሉ ነው። የገዛ ክፍለ ከተማው አዲስ ከተማ ቡድን አቋቁሞ በከፍተኛ ሊግ ሲወዳደር፣ የቡድኑ አማካዮች እነማን እንደነበሩ ብትጠይቁት ግን ትከሻውን ይነቀንቃል።

አልፈርድበትም። ስለ እንግሊዙ አማካይ ማወቅ ቀላል ነው። የእንግሊዝ ሊግ እ.ኤ.አ. በ1888 በ12 ክለቦች ሲጀመር አንስቶ መዝገብ ተይዞለታል፤ ዛሬ በአራቱ የላይኛ እርከኖች 92 ክለቦች አሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮም በየዓመቱ የሚታተም ወፍራም መጽሐፍ የእያንዳንዱን ተጫዋች ጨዋታና ጎል ይዘረዝራል። አንድ አማካይ ዕድሜውን ሙሉ በአራተኛ እርከን ሲንከራተት ኖሮ አንድም ዋንጫ ሳያነሣ ቢያቆም እንኳ፣ የትኛው ቅዳሜ ስንተኛው ደቂቃ ላይ ተቀይሮ እንደገባ የሚፈልግ ሰው ያገኘዋል። የእኛው አማካይ ግን ጫማውን ሲሰቅል ማስረጃው አብሮት ይሰቀላል። የአገራችን የመሐል ሜዳ ታሪክ ሲዳሰስ መላልሶ የሚገጥመን ይህ ክፍተት ነው።

ነገሩ ከመነሻው እንግዳ ነው። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገውን የመጀመሪያውን ሻምፒዮና ያሸነፈው የእንግሊዝ የጦር ልዑክ ቡድን ነበር። የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ ተሳትፈዋል፤ ከአገሬው ቅዱስ ጊዮርጊስ። የኢትዮጵያ ሊግ የመጀመሪያ ሻምፒዮን አማካዮች እንግሊዛውያን ወታደሮች ነበሩ ማለት ነው፤ የማንኛቸውንም ስም የሚጠራ ሰው አልገጠመኝም። ቅዱስ ጊዮርጊስን በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ አራዳ ላይ ሲመሠርቱት የከተማዋ ትልቅ ገበያም እዚያው አራዳ ነበር። ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፍቶ ዛሬ መርካቶ የምንለውን ስፍራ የሰጠው የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው።

ከአማካዮቻችን ሁሉ ስሙ የገነነው ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። አሥመራ ተወልዶ፣ እዚያው ኳስ ጀምሮ፣ በድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር ስሙን ተከለ። ጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ያሸነፈው ቡድን አምበል ነበር፤ ከአራቱ ጎሎች አንዱን እሱ፣ አንዱን ወንድሙ ኢታሎ አስቆጠሩ። ዋንጫውንም ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ከአብዮቱ በኋላ በጅቡቲ አድርጎ ጣሊያን ገባ፤ ሮም አጠገብ ኦስቲያ ላይ ጋራዥ ከፍቶ መኪና ሲጠግን ኖረ። በ2015 ዓ.ም. መባቻ ሲያርፍ የብሔራዊ ቡድን ጨዋታዎቹም ጎሎቹም ስንት እንደሆኑ አንድ ቁጥር ላይ የተስማማ አልነበረም። የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣ አምበል እንዲህ ከሆነ፣ የሌላውን መገመት አያዳግትም።

መዝገብ አለመያዝ የክብር ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ የምንያህል ተሾመን ነገር ያስታውስ። በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሱበት ዓመት፣ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፉ። አማካዩ ምንያህል ግን ቀደም ባሉት ማጣሪያዎች ሁለት ቢጫ ካርድ አይቶ ስለነበር ያን ቀን መሰለፍ አልነበረበትም። የቆጠረለት ሰው አልነበረም። ፊፋ ሦስቱን ነጥብ ነጠቀ። ቡድኑ እንደ ምንም ተርፎ ለመጨረሻው ዙር ቢደርስም በናይጄሪያ ተሸነፈ። የሕዝቡ ቁጣ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ካለው ሰው ይልቅ ሜዳ ላይ የሮጠው ልጅ ላይ ማረፉ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የተራው አማካይ መንገድ ግን ከብሔራዊ ቡድን እጅግ ይርቃል። ሰፈር ውስጥ ይጀምራል። ከመርካቶ በላይ ኳስ ሜዳ የሚባል ሰፈር እስከ ዛሬ በስሙ አለ፤ ብዙው ባዶ ቦታ ግን ወደ ገበያ ሕንፃና ወደ መኪና ማቆሚያ ተለውጧል። ልጆቹ ሱቅ በተዘጋበት እሑድ አስፋልት ላይ ትንንሽ ጎል ተክለው ይጫወታሉ። ከዚያ ጠባብ ቦታ የሚወጣ ልጅ ኳስ ሲቀበል ዞር ማለት፣ በሁለት ሰው መካከል ማሾለክ ይችላል፤ ለአማካይነት የተፈጠረ ይመስላችኋል። ረጅም ኳስ መምታት ግን አልለመደም፤ ሙሉ ሜዳ ላይ 90 ደቂቃ ሲሮጥ ትንፋሹ ያጥረዋል። ይህን ዓይነቱን ልጅ ወድዶ የሚቀበል ክለብ ኢትዮጵያ ቡና ነው፤ ቀድሞ ቡና ገበያ በሚል ስም የሚታወቀው። የደጋፊው ፍቅር ለቅብብል ነው። በ2003 ዓ.ም. በውበቱ አባተ አሰልጣኝነት የሊጉን ዋንጫ ሲያነሣም፣ በኋላ የራሱ የቀድሞ አማካይ ካሳዬ አራጌ ከአሜሪካ ተመልሶ ሲያሰለጥነውም ክርክሩ ስለ ውጤት ብቻ ሳይሆን ኳሱ መሬት ላይ ስለመሄዱ ነበር።

ቡናም ጊዮርጊስም ያልወሰዱት ልጅ፣ ብዙኃኑ ማለት ነው፣ ወደ ታች ይወርዳል። ከፕሪሚየር ሊጉ ሥር ከፍተኛ ሊግ፣ ከዚያ ሥር አንደኛ ሊግ አለ፤ ከዚያም ወዲያ የክልል ክለቦች ሻምፒዮና። የአብዛኞቹ ክለቦች ባለቤት የከተማ አስተዳደር ነው። ደመወዙ የሚመጣው ከስታዲየም በር ሳይሆን ከበጀት ነው፤ ከንቲባው ሲቀየር፣ በጀት ሲዘገይ፣ መጀመሪያ የሚጎዳው የኳስ ተጫዋቹ ኪስ ነው። ውሉ አንድ ዓመት ነው፤ ቢበዛ ሁለት። ክረምት ሲገባ ስልክ መጠበቅ ይጀመራል፤ ደላላ መሐል ይገባል፤ የፊርማ ገንዘብ ይቆረጣል፤ የቀድሞው ክለብ መልቀቂያ እንዲሰጥ ይለመናል። ያልተከፈለው የሦስትና የአራት ወር ደመወዝ ካለ ክሱ ወደ ፌዴሬሽን ይሄዳል። አጥቂ ቢሆን ጎሎቹን ቆጥሮ ይደራደራል። አማካዩ ምን ቆጥሮ ያቀርባል? ያቋረጠውን ኳስ የጻፈለት የለም። ስለዚህ ገበያው የሚሠራው በአሰልጣኝ ትውውቅ ነው፤ አሰልጣኙ ከተማ ሲቀይር ሦስት አራት ልጆች ተከትለውት ይጓዛሉ።

ክለቡ ራሱ ደግሞ ሊጠፋ ይችላል። ሊጉ በ1990 ዓ.ም. በአዲስ መልክ ከተጀመረ ወዲህ ትራንስ ኢትዮጵያ፣ ጉና ንግድ፣ ሙገር ሲሚንቶና ደደቢት ከመድረኩ ወርደዋል፤ ደደቢትማ በ2005 ዓ.ም. ሻምፒዮን የነበረ ነው። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2009 ዓ.ም. ከሊጉ ሲወርድ የወንዶቹን ቡድን በተነው፤ ከዓመታት በኋላ እንደገና አቋቁሞ በ2015 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አደገ፤ በ2016 ዓ.ም. ዋንጫውን በላ። ለባንኩ ደስ የሚል ታሪክ ነው። በተበተነው ቡድን ውስጥ 28 ዓመት የሞላው አማካይ ግን ሰባት ዓመት ተቀምጦ የሚጠብቅበት ጉልበት የለውም። የትግራዩ ጦርነትም የራሱን ቆርጧል፦ በ2011 ዓ.ም. ሻምፒዮን የሆነው መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ዓዲግራት ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከሊጉ ተለይተው የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. ነው። የአንድ ተጫዋች ምርጥ ዓመታት በዚያ መካከል ያልቃሉ።

ስለ ገንዘብ ሲነሣ የእንግሊዙ ታሪክ ይጠቅመናል። እዚያ የተጫዋች ሳምንታዊ ደመወዝ ከ20 ፓውንድ እንዳይበልጥ የሚያግደው ጣሪያ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን፣ ያስነሣውም እ.ኤ.አ. በ1907 የተቋቋመው የተጫዋቾች ማኅበር ነው፤ ከዛቻው አንዱ የሥራ ማቆም አድማ ነበር። እኛ ዘንድ ነሐሴ 2011 ዓ.ም. ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ተስማምተው የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ውሳኔው ሜዳ ላይ ሲደርስ የሚታየው ደመወዝና የማይታየው ክፍያ ተለያዩ፤ ቆይቶም ሊጉ ወደ ክለቦች አጠቃላይ የወጪ ጣሪያ ዞረ። የላይኛውን ደመወዝ መቁረጥ ያሳሰባቸው ሁሉ፣ የታችኛው በወቅቱ እንዲከፈል ያን ያህል ሲጨነቁ አላየሁም።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሱፐርስፖርት ፕሪሚየር ሊጉን ማስተላለፉ ለአማካዩ አንድ ነገር አድርጎለታል፤ ቢያንስ ቪዲዮ አለው። ነገር ግን ውድድሩ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ እየተዘዋወረ ሲካሄድ፣ የአዲስ አበባ ስታዲየምም ለእድሳት ሲዘጋ፣ ከስታዲየሙ የተመልካች ክፍሎች ከካታንጋና ከሚስማር ተራ ሆኖ ተጫዋቹን በአካሄዱ የሚለየው የመርካቶ ሰው ከሜዳ ራቀ። ክፍተቱን የሞላው ቤቲንጉ ነው።

ወደ ውጭ የወጡትም አሉ። ሽመልስ በቀለ ከሐዋሳ ተነሥቶ በጊዮርጊስ በኩል ሊቢያና ግብፅ ደረሰ፤ በግብፅ ሊግ ለዓመታት መቆየቱ ከማንኛውም ዋንጫ ይልቅ ያስከብረዋል። ጋቶች ፓኖም ከቡና ወደ ሩሲያው አንዢ ማካችካላ በ2009 ዓ.ም. ክረምት ፈረመ። የፋሲል ከነማው ሱራፌል ዳኛቸው በአሜሪካ ሁለተኛ እርከን ለሚጫወተው ላውደን ዩናይትድ ተሰለፈ፤ ክለቡ ያለው ቨርጂኒያ ነው፤ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ከዋሽንግተን ዙሪያ። እዚያ የሚያበቃ ሌላ መንገድም አለ፦ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር፣ የስንት የቀድሞ ክለብ ተጫዋች የመጨረሻ ሜዳ ሆኗል።

የመርካቶ የአርሰናል ደጋፊ ግን አንድ ስም ይጠራል፤ ጌዲዮን ዘላለም። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን ተወልዶ፣ ሜሪላንድ አድጎ፣ በ16 ዓመቱ አርሰናል ገባ። እ.ኤ.አ. ጥር 2014 ኮቨንትሪ ላይ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ በቻምፒዮንስ ሊግ ጋላታሳራይ ላይ ተሰለፈ። ከዚያ በኋላ የውሰት ሕይወት መጣ፤ ከሬንጀርስ ጋር የስኮትላንድን ሁለተኛ እርከን አሸነፈ፣ ሆላንድም ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2017 ለአሜሪካ ከ20 ዓመት በታች ቡድን ሲጫወት ጉልበቱ ተጎዳ፤ አርሰናልንም ለቅቆ አሜሪካ ተመለሰ። የተጫወተው ሁሉ በደቂቃ ተቆጥሮ ተቀምጧል። ከመርካቶ ተነሥቶ በከፍተኛ ሊግ አሥር ዓመት የተጫወተ አማካይ የዚህ እኩሌታ እንኳ የለውም።

አሁን አሁን ሶከር ኢትዮጵያን የመሰሉ መገናኛ ብዙኃን የታችኛውን እርከን ጨዋታዎችና ዝውውሮች መዘገብ ጀምረዋል። የቀደመውን ዘመን በተመለከተ ያለን የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ጥራዞችና እንደ ገነነ መኩሪያ ያሉ ጥቂት ሰዎች የደከሙበት ሥራ ነው፤ ኢሕአፓና ስፖርት የተሰኘው መጽሐፉ በአብዮቱ ዘመን ፖለቲካው ወደ ሜዳ እንዴት እንደገባ የምናይበት ነው። የቀረው በሰው ጭንቅላት ነው ያለው። ታኬታና ማሊያ በሚሸጥባቸው የመርካቶ ሱቆች የቀድሞ ተጫዋች ሆኖ ባለሱቅ የሆነ ሰው ማግኘት አይገርምም፤ የ1980ዎቹን አሰላለፍ ከነቁጥሩ ይጠራላችኋል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ስድስት ቁጥሩ ሌላ ሰው ነበር ብሎ ይሟገተዋል።