ልጆችን «ጤና ይስጥልኝ» ያሉ ሰው

እንግዳ ቤትዎ ሲመጣ ለልጆችዎ የሚሉትን ያስታውሱ። «ኑ፣ ሰላም በሉ» ይላሉ። ልጆቹ ጉንጫቸውን ይሰጣሉ፤ እንግዳው ስንተኛ ክፍል እንደሆኑ ይጠይቃል፤ መልሱን በቅጡ ሳይሰማ «ጎበዝ!» ይላል። ከዚያ «በሉ አሁን ሂዱ፣ ተጫወቱ» ይባላል። በእኛ ቤት ልጅ ሰላምታ ያቀርባል እንጂ ሰላምታ አይቀርብለትም። «ጤና ይስጥልኝ» ደግሞ ከሰላምታዎቻችን ሁሉ የክት ልብስ እንደማለት ነው፤ ለአማት፣ ለአለቃ፣ መንገድ ላይ ለምናከብረው ሽማግሌ የምናወጣው።

ይህን የክት ሰላምታ ለሰባት ዓመት ልጅ ያወጡት ተስፋዬ ሳህሉ ናቸው፤ እርስዎም እኛም የምናውቃቸው አባባ ተስፋዬ ብለን ነው። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች!» ዕድሜዎ ሠላሳዎቹን ካለፈ ድምፁ አሁን ጆሮዎ ውስጥ ሳይመጣ አልቀረም። መልሱንም ያውቁታል። ብዙዎቻችን ከመቀመጫችን ብድግ ብለን የመለስን ነን። ሰውየው በቴሌቪዥኑ መስታወት በኩል እንደሚያዩን ጥርጥር አልነበረንም።

ሌላ አገር ቢሆን ሥራቸውን «ክላውን» ይሉት ነበር፤ ልጆችን ማሳቅ፣ ድምፅ መቀያየር፣ ምትሃት ማሳየት፣ መዝፈን። አማርኛ ለዚህ ሥራ ቁርጥ ያለ ስም የለውም። «ቀልደኛ» ይቀላል፣ «ተዋናይ» ይጎድላል። ስም ስላልተገኘለት ይመስላል የዝምድና መጠሪያ የተሰጠው፦ አባባ።

ቀሚስ ለብሶ መድረክ ላይ

ተስፋዬ ሳህሉ በ1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ተወለዱ። ጣሊያን አገሩን ሲወር ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ልጅ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ወደ መድረክ የሳባቸው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የቴአትር ቡድን ነው።

የዚያን ጊዜ መድረክ የዛሬው እንዳይመስልዎ። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በወረራው ተቋርጦ፣ እንደገና የቆመ ቤት ነበር። ጥበብን የሚወድ ሕዝብ ጥበበኛውን ግን «አዝማሪ» ብሎ ዝቅ ያደርገው ነበር፤ ልጁን ለዚህ ሥራ የሚመርቅ አባት ብርቅ ነው። ሴት ልጅን ወደ መድረክ መላክማ ጨርሶ የሚታሰብ አልነበረም። ድርሰቱ ግን ሙሽራ ይፈልጋል፣ እናት ይፈልጋል፣ ንግሥት ይፈልጋል። ስለዚህ ወንዱ ቀሚስ ይለብሳል።

ተስፋዬ ሳህሉ ከእነዚህ ወንዶች አንዱ ነበሩ። ነገሩን ዛሬ ሲሰሙት ፈገግ ያሰኛል። ግን ወንድ ልጅ ወጥ ቤት ገባ ተብሎ በሚሳቅበት ዘመን፣ ጎረምሳ ሳሉ እንደ ሴት ለብሰው፣ እንደ ሴት ተራምደውና አቀርቅረው ሕዝብ ፊት ቆመዋል። ተመልካቹ እንዲስቅ ከሆነ ቀላል ነው፤ እንዲያለቅስ ከሆነ ግን ተዋናዩ የራሱን ኩራት መልበሻ ክፍል ጥሎ መውጣት አለበት። በኋላ ልጅ ፊት አንዴ ጅብ፣ አንዴ ጦጣ፣ አንዴ የከፋት አሮጊት ለመሆን ቅንጣት ያላፈሩት እዚያ መድረክ ላይ እፍረታቸውን ጨርሰው ስለነበር ነው ብለን እናምናለን።

ጊዜው ተለወጠ፤ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴንና አስናቀች ወርቁን የመሳሰሉ ደፋር ሴቶች መድረኩን ያዙት፤ ወንዶቹም ቀሚሱን መለሱ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» ተከፈተ። ተስፋዬ ሳህሉ ከዚህ ቤት ትውልድ ናቸው፤ ኋላ የጸጋዬ ገብረ መድኅን ሥራዎች ሕዝቡን ያጥለቀለቁበት ቤት። በቴሌቪዥን ብቻ የምናውቃቸው ሰዎች ይህንን የመድረክ ዕድሜ እንረሳዋለን። እርሳቸው ግን መጀመሪያም ሲጠሩ «ተዋናይ ተስፋዬ ሳህሉ» ነበሩ።

መካከል ላይ ኮሪያ አለች። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ጦር በየተራ ሲዘምት ተስፋዬ ሳህሉም ወታደሩን የማዝናናት ሥራ ይዘው ሄደዋል። ከዘመቱት ከ120 በላይ የሚሆኑት ወገኖቻችን የሞቱበት ጦርነት ነው። ያንን የመሰለ ብርድ ለብሶ የማያውቅ፣ ጓደኛውን የቀበረ ወታደር ፊት ቆሞ ማሳቅ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ እስኪ ያስቡት። ልጅን ማሳቅ ከዚያ ይቀላል ማለታችን ግን አይደለም። ወታደር ለይሉኝታም ቢሆን ያጨበጭባል፤ ልጅ ካልጣመው ተነስቶ ይሄዳል።

ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ተረት

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስቱዲዮው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ውስጥ ነበር። የልጆቹን ፕሮግራም ተስፋዬ ሳህሉ ያዙ። ዕድሜያቸው 41 ነበር። ከዚያ በኋላ 42 ዓመት ያህል ሠሩ። ሒሳቡን ልብ ይበሉ፤ ብዙ ሰው ስለ ጡረታ ማሰብ በሚጀምርበት ዕድሜ እርሳቸው የሕይወታቸውን ትልቅ ሥራ «ሀ» ብለው ጀመሩ።

ፕሮግራሙ ከዛሬው ዓይን ሲታይ ምንም አልነበረውም። አንድ ሰው፣ ዙሪያውን የተቀመጡ ልጆች፣ አንድ ካሜራ ወይም ሁለት። «ተረት ተረት» ይባላል፤ «የላም በረት» ይመለሳል። አባባ ተስፋዬ ተረቱን አይናገሩትም፣ ይሆኑታል። ድምፃቸው ይቀጥናል፣ ይጎረናል፣ ዓይናቸው ይጠብባል፣ ትከሻቸው ይሰበራል። ያ ሁሉ የመድረክ ዓመት ለአምስት ደቂቃ የጦጣ ታሪክ ይውላል። ትልቅ ተዋናይ ለልጅ ሲጫወት ብዙ ጊዜ ግማሽ ኃይሉን ያስቀራል፤ እርሳቸው አላስቀሩም።

ከዚያ ተራው የልጆቹ ነው። አንዷ ትነሳለች፣ ስሟን ትናገራለች፣ ተረቷን ትጀምራለች፣ መካከል ላይ ይጠፋባታል። ቤት ያለነው ልጆች ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን፤ በእሷ ቦታ የቆምነው እኛ ነን። ለብዙ ሚሊዮን ሕዝብ በሚናገር ሣጥን ውስጥ የልጅ ድምፅ መስማት በራሱ ዜና ነበር።

ቴሌቪዥን ደግሞ በየቤቱ አልነበረም። ሰፈር ውስጥ ያለው ቤት ይታወቃል፤ ሰዓቱ ሲደርስ የጎረቤት ልጆች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ምንጣፉ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። የቤቱ እመቤት ፊት ከጠቆረ በመስኮት ይታያል። ጣቢያው አንድ ነው፤ ቀለም የመጣውም በ1977 ዓ.ም. ነው። መብራት ከሄደ ተረቱ ሳያልቅ ይቀራል፤ ጅቡ ይብላው አይብላው ሳምንቱን ሙሉ ሲያከራክር ይሰነብታል። ልጅዎ ዛሬ ያቋረጠውን ካርቱን ካቆመበት ሲቀጥል ሲያዩ ይህንን ይንገሩት፤ አያምንዎትም።

ሦስት መንግሥት፣ አንድ ሰላምታ

ከ1957 እስከ 1998 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በዚያ ጣቢያ ያልተለወጠ ነገር ማግኘት ይከብዳል። ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፤ ደርግ መጣ፤ ደርግ ሄደ፤ ኢሕአዴግ ገባ። ባንዲራው ላይ ያለው ምልክት፣ መዝሙሩ፣ የዜናው አጠራር ሁሉ ተለወጠ። ትናንት «ግርማዊ» የተባለበት ስቱዲዮ «ጓድ» አለ፤ «ጓድ» ያለው ደግሞ ተወው። በልጆቹ ሰዓት ግን ያው ሰው፣ ያው ሰላምታ፣ ያው ጅብና ጦጣ። ወላጅ ዜናውን ፈርቶ በሚሰማባቸው ዓመታት ልጁን ሳይሰጋ የሚያስቀምጥበት አንድ ሰዓት ነበረው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው የሰሟቸው ልጆች ወላጅ ሆነው የራሳቸውን ልጆች እዚያው ምንጣፍ ላይ አስቀመጡ፤ አንዳንዶቹም አያት ለመሆን ደረሱ።

ፕሮግራሙን የተዉት በ83 ዓመታቸው ነው። አካሄዱ ያማረ አልነበረም። በፕሮግራሙ ላይ ከአንድ ልጅ አፍ ከወጣ ተረት ጋር ተያይዞ ብዙ ተብሏል፤ ጉዳዩም በጊዜው በሰፊው አነጋግሯል። ዝርዝሩን ማንሳት የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። አንድ ነገር ግን እንላለን። ልጅ እንደፈለገ እንዲናገር ማይክራፎን መስጠት አደጋ አለው፤ ልጅ ቤት የሰማውን ይዞ ነው የሚመጣው። ያንን አደጋ ለአራት አሥርተ ዓመታት የተሸከመ ሰው ደህና መሰናበቻ ይገባው ነበር።

በዚያው ሰሞን ብሩክታዊት ጥጋቡ የካልሲ አሻንጉሊት ይዛ ብቅ አለች፤ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለችው ትንሽ ቀጭኔ። ፊደሉን፣ እጅ መታጠቡን፣ ስሜትን በቃል መናገሩን ለሕፃናት በአማርኛ ማስተማር ጀመረች። ዛሬ የልጆች ጣቢያም አለን፤ ስልክዎ ላይ ደግሞ ከመላው ዓለም የተሠራ የልጅ ፊልም ሌት ተቀን ይፈስሳል። ጥራቱን ከአባባ ተስፋዬ ስቱዲዮ ጋር ማነጻጸር አይቻልም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ልጁን ያሳዩታል እንጂ አይጠይቁትም፤ ቢጠይቁትም መልሱን እስኪጨርስ አይጠብቁም።

አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አረፉ፤ የተቀበሩትም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ከዚያ ሁሉ ዓመት ሥራ ለእኛ እጅ የደረሰው ጥቂት ነው፤ የተረት መጻሕፍቶቻቸውና ዩቲዩብ ላይ የሚገኙ ቅንጭብጭብ ምስሎች። ምስሉ ደብዝዟል፣ ድምፁ ይንሿሿል።

ቢሆንም አንዱን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከልጅዎ ጋር ይክፈቱት። ብቻውን አይተዉት፤ አጠገቡ ይቀመጡ። መጀመሪያ ይሰለቻል፣ «ይሄ ምንድነው?» ይላል፣ ጣቱን ወደ ሌላ ቪዲዮ ይሰዳል። ሁለት ደቂቃ ያቆዩት። ሽማግሌው ሰላምታ ሰጥተው፣ መልስ የሚጠብቁ ሰው ሆነው ዝም የሚሉበት ቦታ አለ። ልጅዎ እዚያ ላይ ቀና ብሎ ያይዎታል፤ «ማንን ነው የሚያናግሩት?» ብሎ ይጠይቅዎታል።