«ተጣጣፊ» እና «ተለማጭ»፦ ስለ ቅንጅታዊ ፖሊመሮች ስያሜ

ቅንጅታዊ ፖሊመር የምንለው፣ የብረታብረት አዮኖች በሊጋንዶች አማካይነት እየተያያዙ በአንድ፣ በሁለት ወይም በሦስት አቅጣጫ ተደጋግመው የሚዘረጉበትን ውሑድ ነው። እዚህ ላይ «ቅንጅት» በሰዋስው የታወቀውን የሐረጎች ጥምረት አያመለክትም። የሚያመለክተው ሊጋንዱ ጥንድ ኤሌክትሮን ሲለግስ ከአዮኑ ጋር የሚፈጠረውን ትስስር ነው፤ የንድፈ ሐሳቡም መሠረት በአልፍሬድ ቬርነር እ.ኤ.አ. በ1893 ተጥሏል። «ሊጋንድ» ማሰር ከሚለው የላቲን ግሥ የወጣ ነው። ይሁን እንጂ «አሳሪ» የሚለው አቻ ወህኒን ስለሚያስታውስ ቃሉን እንዳለ መውሰድ መርጠናል።

ተርጓሚን ይበልጥ የሚያሳስተው «ፍሌክሲብል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ነው። ቅጽሉ አንዳንድ ጊዜ ለሊጋንዱ፣ አንዳንድ ጊዜም ለመላው መዋቅር ይነገራል፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም።

ለሊጋንዱ ሲሆን «ተጣጣፊ» እንላለን። ለምሳሌ፣ ከናይሎን ጥሬ ዕቃዎች አንዱ ከሆነው ከአዲፒክ አሲድ የሚገኘው አዲፔት፣ የካርቦን ሰንሰለቱ በነጠላ ትስስሮች የተያያዘ ስለሆነ እንደ ተጣጣፊ ወንበር በየመገጣጠሚያው ይዞራል። ሲዘረጋ አዮኖቹን ያራርቃል፤ ሲታጠፍ ያቀራርባል። ስለሆነም አንድ ዓይነት አዮንና ሊጋንድ እንደ ማሟሚያውና እንደ ሙቀቱ ሰንሰለት፣ ንጣፍ ወይም መረብ ሊሠሩ ይችላሉ። ክሪስታሉ ከተበጀ በኋላ ግን መዋቅሩ ግትር ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ለመዋቅሩ ሲሆን «ተለማጭ» የሚለውን እናቀርባለን፤ ልምጭ ጎብጦ እንደሚመለስ ሁሉ፣ መዋቅሩም ሳይፈርስ ቅርጹን ለውጦ ይመለሳልና። ሚል-53 የተባለው የክሮሚየም ውሑድ ውኃ ሲይዝ ቀዳዳዎቹ ይጠብባሉ፤ በሙቀት ሲደርቅ ይሰፋሉ። ኬሚስቶች ይኸንኑ «ይተነፍሳል» ይላሉ። ሊጋንዱ ቴሬፍታሌት ግን በቤንዚን ቀለበት ላይ የታነጸ ግትር ሞለኪዩል ነው።

እንግዲህ ሁለቱንም በአንድ ቃል ብንተረጉም፣ አንባቢው ከተጣጣፊ ሊጋንድ ምንጊዜም ተለማጭ መዋቅር ይገኛል ብሎ ይሳሳታል። የነዚህ ውሑዶች ጥቅም ጋዝ በማከማቸትና በመለየት፣ እንዲሁም ኬሚካዊ ለውጥን በማፋጠን ስለሆነ፣ ቀዳዳው ይለወጣል ወይስ አይለወጥም የሚለው ጥያቄ መሠረታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ለሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ለሪቻርድ ሮብሰንና ለኦማር ያጊ የተሰጠውም ለዚሁ ዘርፍ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ቅጽሉን ባገኘ ጊዜ ሁሉ፣ አስቀድሞ የሚገልጸው ስም የትኛው እንደሆነ እንዲመረምር እናሳስባለን።