ነፍሰ ጡሯንና አራሷን የሚያንዘፈዝፈው ሕመም

በሸሪዓ አነጋገር የቲም የሚባለው ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱን ያጣ ልጅ ነው። እናቱን በጨቅላነቱ ያጣ ሕፃንም ችግሩ ከዚያ አያንስምና ስለ እርሱ መናገር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። እናትን ከጨቅላዋ ከሚለዩት ሕመሞች አንዱ በእርግዝና ሳቢያ የሚመጣው የደም ግፊት ሲሆን፣ በአንጎል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ በስሙ አይታወቅም።

ሕመሙ ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ ይጀምራል፤ መነሻውም ከእንግዴ ልጁ ጋር የተያያዘ ነው። ግፊቱ 140/90 ሲደርስ የሐኪም ክትትል ያስፈልጋታል፤ 160/110 ከደረሰ አጣዳፊ ሕክምና የሚሻ አደጋ ነው።

የጤነኛ ሰው የአንጎል ደም ሥሮች ግፊት ሲጨምር ራሳቸውን አጥብበው የሚያልፈውን ደም ይመጥናሉ። በዚህ ሕመም ግን የሥሮቹ ውስጠኛ ገበር ስለሚጎዳ መመጠኑ ያቅታቸዋል፤ ፈሳሽ ወደ አንጎል ይሰርጋል፤ አንጎልም ያብጣል። እብጠቱ ይበልጥ የሚታየው በኋለኛው የአንጎል ክፍል፣ የማየት ሥራ በሚከናወንበት ነው። ሴትዮዋ ከብርቱ ራስ ምታት ጋር «ብዥ አለብኝ፣ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል» ብትል ችግሩ ከዓይኗ ላይሆን ይችላል። ቀጥሎ መላ ሰውነቷ ተንዘፍዝፎ ራሷን ስትስት ኤክላምፕሲያ ሆነ ማለት ነው። አንዳንዴም ደም ሥር ፈንድቶ አንጎል ውስጥ ይደማል። ምልክት ሳያሳይ በድንገት የሚጥልበት ጊዜም አለ።

ይህን ያየ ሰው «ጂን ያዛት» ይላል። ቁርኣን ይቀራላት፣ ዱዓም ይደረግላት፤ ነገር ግን ወደ ሐኪም ቤት በሚወስዳት መኪና ውስጥ ይሁን። በግራ ጎኗ ትተኛ። ክብሪት ማሽተት አይጠቅማትም፤ በጥርሶቿ መካከል ማንኪያ ማስገባት ደግሞ ይጎዳታል።

ዋናው መድኃኒት ማግኒዚየም ሰልፌት ነው። በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነ ጥናት፣ መድኃኒቱ ሕመሙ ወደ መንዘፍዘፍ የመድረሱን ዕድል ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አዋላጇ የታማሚዋን ጉልበት በትንሽ መዶሻ መታ መታ ስታደርግ ቤተሰብ ግር አይበለው፤ መድኃኒቱ ከመጠን እንዳላለፈ እያረጋገጠች ነው። አተነፋፈሷንና የሽንቷንም መጠን የምትከታተለው ለዚሁ ነው።

መውለድ ሥጋቱን ወዲያው አያስቀረውም። በተለይ የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ያሠጋሉ፤ ከሳምንታት በኋላ የሚከሰትበትም ጊዜ አለ። በሰባተኛው ቀን ለዐቂቃ እንግዳ ተሰብስቦ ሳለ አራሷ «ራሴን ፈለጠኝ» ብትል፣ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቅላታል። ከዳማከሴው በፊት ግፊቷ ይለካ።

ከዚህ ሕመም የዳነች እናት ዳግም ስታረግዝ ያለፈውን ለሐኪም ገና ከጅምሩ ትንገር፤ ከ16ኛው ሳምንት በፊት በትንሽ መጠን የሚታዘዝ አስፕሪን ሕመሙ የመመለሱን ዕድል ይቀንሳልና።