የቡና ምድር ወንዞች ደለል ምን ይዟል?

ወንዝ ተበክሏል ሲባል ሁላችንም የምናየው ውሃውን ነው፤ መርማሪም ሲመጣ የሚቀዳው ውሃ ነው። ውሃ ግን አላፊ ነው። በጥቅምት የተለቀቀ ፍሳሽ በሚያዝያ በተቀዳ ናሙና ውስጥ አይገኝም። ደለሉ ግን ከሥር ይቀራል። ከባድ ብረቶችና እንደ ዲዲቲ ያሉ በውሃ የማይሟሙ ፀረ ተባዮች ከደቃቅ ሸክላና ከብስባሽ ጋር ይጣበቃሉ፤ ውሃው ረጋ ባለበት ስፍራም አብረው ይዘቅጣሉ። በየዓመቱ አዲስ ደለል በአሮጌው ላይ ስለሚደረብ፣ በቀጭን ቱቦ ተወግቶ የወጣ ደለል ከታች ወደ ላይ ሲነበብ የዘመናት መዝገብ ይሆናል። ዕድሜው የሚታወቀው በእርሳስ-210 ነው፤ ይህ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር በየ22 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1963 አካባቢ ጣሪያ የደረሰው የኒውክሌር ሙከራ ብናኝ፣ ሲዚየም-137፣ ደግሞ ስሌቱን ያረጋግጣል። ስለዚህ የደቡብ ምዕራብ የቡና ምድርን ወንዞች ለመጠበቅ የምንሻ ከሆነ ከውሃው ጋር ደለሉንም መመርመር አለብን።

የጃፓኗ ሚናማታ የባሕር ወሽመጥ ይህን ለዓለም አስተምራለች። የቺሶ ኩባንያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1968 ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽ ወደ ባሕሩ ለቀቀ። ፍሳሹ ቆመ፣ ሜርኩሪው ግን ከወደቡ ጭቃ ውስጥ አልወጣም፤ 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ደለል ለማንሳትና ለመቅበር እስከ እ.ኤ.አ. 1990 ድረስ ተሠራ። እኛ የባሕር ወደብ ባይኖረንም ደለል የሚያርፍበት ስፍራ አለን። ከሚዛን ተፈሪ አካባቢ ከፍታዎች የሚነሳው ጊሎ ወንዝ ወደ ምዕራብ ወርዶ፣ በጋምቤላ ታታ ሐይቅን አቋርጦ፣ በድንበሩ ላይ ከፒቦር ጋር ይገናኛል። ወንዙ ከላይ የተሸከመውን ደቃቅ አፈር ፍጥነቱ በቀነሰበት ረግረግና ሐይቅ ላይ ያራግፋል።

ከላይ የሚመጣው ምንድን ነው? አንደኛው የእሸት ቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ነው። ቀዩ እሸት ሲፈለፈል ከፍሬው የሚለየው ልጣጭና ዝልግልግ በስኳርና በፔክቲን የተሞላ ነው። ባክቴሪያዎች ይህን ሲበሉ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ። የማጠቢያው ወቅትም ክረምቱ አልፎ ወንዙ መጉደል ከሚጀምርበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጅማ ዞን ወንዞች ላይ ባደረጉት ጥናት ከማጠቢያዎች በታች የውሃው ጥራት ክፉኛ እንደሚወድቅ አሳይተዋል። ሁለተኛው ዲዲቲ ነው፤ ወባማ በሆኑ የአገራችን አካባቢዎች በየቤቱ ግድግዳ ላይ ለአሥርት ዓመታት ተረጭቷል።

የቡና ልጣጭ ፍሬ ነው፣ ይበሰብሳል እንጂ ኬሚካል አይደለም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ይበሰብሳል፤ ጉዳቱ ግን የሚጀምረው ከመበስበሱ ነው። ኦክስጅን ያጣ ጭቃ ውስጥ ብረቱ ሲሟሟ ይዞት የነበረውን ፎስፎረስ ለውሃው ይለቃል፤ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጂን ሰልፋይድም ይፈጠራል። ብስባሹ በበዛ ቁጥር ደግሞ ደለሉ ፀረ ተባይ የመያዝ አቅሙ ይጨምራል። ሌላው ክርክር የክረምት ጎርፍ ሁሉንም ጠርጎ ይወስዳል የሚለው ነው። ጎርፍ ደለልን ያዛውራል እንጂ አያጠፋም፤ ከላይኛው መንደር የተነሳው ዓሣ አስጋሪው ዘንድ ይደርሳል።

ከሁሉም የሚከብደው መከራከሪያ፣ የዚህ ምድር ቡና በአብዛኛው በጫካና በጓሮ ያለ ኬሚካል የሚበቅል ስለሆነ እንዲህ ያለ ምርመራ ስሙን ያጠፋል የሚለው ነው። የቅርቡ ታሪካችን ግን ተቃራኒውን ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ግዢዋ በተስተጓጎለ ጊዜ፣ ምርመራው ያመለከተው ወደ ማሳው ሳይሆን ቡናው ወደተሞላበት ጆንያ ነበር። ገበሬውን ነጻ ያወጣው ማስረጃ ነው። ደለልም እንዲሁ ይመሰክራል፤ ዲዲቲ ሲያረጅ ወደ ዲዲኢና ዲዲዲ ስለሚለወጥ፣ ውላጆቹ ከበዙ ቅሪቱ የድሮ ርጭት ነው፤ ዲዲቲው ራሱ ከበዛ ግን በቅርብ የረጨ አለ ማለት ነው። ንጹሕ ሆኖ ከተገኘም ዛሬ የተመዘገበው ንጽሕና የነገውን ለውጥ የምንለካበት መነሻ ይሆናል።

ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልግም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለተቆጣጣሪዎች ናሙና የመውሰድ ሥልጣን ይሰጣል። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ከስፍራው ነው፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲም ሩቅ አይደለም። ከማጠቢያዎቹ በላይና በታች፣ እንዲሁም ከታታ ሐይቅ፣ በየጥቂት ዓመቱ ደለል ይወሰድ፤ ውጤቱም ውሃውን ለሚጠጣውና ዓሣውን ለሚበላው ሕዝብ በሚገባው ቋንቋ ይነገር። የማጠቢያ ባለቤቱም ፍሳሹን በጉድጓድና በረግረግ ተክል አጣርቶ መልቀቁ ለውጥ ማምጣቱን የሚያረጋግጥለት ይኸው መዝገብ ነው።