መጋዝ ስናውስ ምን እናውሳለን?

በአገራችን ከጎረቤት ጋር ዕቃ መዋዋስ የቆየ ልማድ ነው። ወንፊትና ሙቀጫ፣ መሰላልና ዶማ ከቤት ወደ ቤት ሲዘዋወሩ ይኖራሉ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት የተውሶን ነገር የሚያጣጥል ቢመስልም፣ ያለ ውሰት የሚኖር ሰፈር ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው። በተለይም እንግዳን ሳይቀር በ«አንተ»ና በ«አንቺ» የምታቀርበው ድሬዳዋ፣ ጎረቤት ላንኳኳበት ዕቃ «የለም» ማለትን እንደ ነውር ትቆጥረዋለች።

ይህ መልካም ልማድ ዛሬ አንድ የተለየ ዕቃ ገጥሞታል፤ እርሱም በቤንዚን የሚሠራው የሞተር መጋዝ ነው። ዋጋው ውድ ነው፤ ተራ ቤተሰብ የሚፈልገውም በዓመት ለጥቂት ቀናት ብቻ በመሆኑ ከአንድ ባለቤት ወደ ብዙ ወዳጆች ቢዘዋወር አያስገርምም። ይሁን እንጂ የሞተር መጋዝ እንደ ወንፊት በበር ላይ ተቀባብለው የሚለያዩበት ዕቃ አይደለም። ለምን? መልሱን ውድ አንባቢያን በፊዚክስ ዓይን አብረን እንመርምረው።

የሠላሳ ሰው ዐቅም

ቀኑን ሙሉ በጉልበት ሥራ የሚውል ጤናማ ሰው በአማካይ የሚያወጣው የመሥራት ዐቅም ወደ 75 ዋት ይጠጋል። መካከለኛ መጠን ያለው የሞተር መጋዝ ደግሞ ወደ 2,500 ዋት ይሰጣል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ብናካፍል ከ33 በላይ እናገኛለን። በሌላ አነጋገር ከ5 እስከ 6 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ዕቃ ለጎረቤት ስናቀብል፣ የሠላሳ ሰው ዐቅም እያቀበልን ነው።

አባቶቻችን የሠላሳ ሰው ጉልበት ሲያስፈልጋቸው ደቦ ይጠሩ ነበር፤ በሐረርጌ የኦሮሞ ገበሬዎች ዘንድም ጉዛ የሚባል ተመሳሳይ ልማድ አለ። በደቦ ላይ ግን ከጉልበቱ ጋር የሚመጣ ሌላ ነገር ነበር። ዛፉ ወዴት እንደሚያዘነብል በዓይኑ የሚለካ ሽማግሌ፣ ልጆችን ከአካባቢው የሚያርቅ ሰው፣ «ቆይ! ተው!» ብሎ የሚጮኽ ባልንጀራ አብረው ይገኛሉ። የሞተር መጋዝ የደቦውን ጉልበት ያመጣል፤ የደቦውን ዓይንና ምክር ግን አያመጣም። የውሰቱ ችግር የሚመነጨውም ከዚህ ነው።

ከዓይን የሚቀድም ርግጫ

የመጋዙ ሰንሰለት በሙሉ ፍጥነት ሲሽከረከር በሰከንድ ወደ 20 ሜትር ይጓዛል፤ ይህም በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በተለመደው የጥርሶች አቀማመጥ በአንድ ነጥብ ላይ በሰከንድ ከ500 የሚበልጡ ጥርሶች ያልፋሉ። የዛሬው ጥርስ ቅርጽ ራሱ ደስ የሚል ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1946 ጆሴፍ ኮክስ የተባለ አሜሪካዊ ዛፍ ቆራጭ በኦሪጎን ግዛት ውስጥ የጥንዚዛ እጭ ግንድ ስትቦረቡር አስተዋለ። እጯ በመንጋጋዎቿ አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ እየቆረጠች ወደፊት ትሄዳለች። ኮክስም ይህንኑ ተከትሎ ጥርሶቹ በግራና በቀኝ የሚፈራረቁ ሰንሰለት ሠራ።

ሰንሰለቱ በረዥሙ መሪ ብረት ዙሪያ ሲሽከረከር በታችኛው ጠርዝ ወደ ሠራተኛው፣ በላይኛው ጠርዝ ደግሞ ከሠራተኛው እየራቀ ይጓዛል። በጫፉ ላይኛው ሩብ በኩል ጥርሶቹ ወደፊትና ወደ ታች ይታጠፋሉ። እዚያ ላይ አንድ ጥርስ ጠንካራ እንጨት ነክቶ ቢያዝ ምን ይሆናል? የኒውተን ሦስተኛ ሕግ መልሱን ይሰጠናል፤ ጥርሱ እንጨቱን ወደፊትና ወደ ታች ሲገፋ፣ እንጨቱ በበኩሉ መጋዙን ወደ ኋላና ወደ ላይ ይገፋዋል። መሪ ብረቱም ተፈናጥሮ ወደ ሠራተኛው ፊትና አንገት ይመለሳል። ይህንን ክስተት የመጋዝ ርግጫ ልንለው እንችላለን።

ርግጫው የሚፈጸመው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ነው። የሰው ልጅ አይቶ፣ ተገንዝቦ፣ እጁን ለማንቀሳቀስ ቢያንስ የዚህን እጥፍ ያህል ጊዜ ይፈልጋል። ስለሆነም «ጎበዝ ነኝ፣ እቆጣጠረዋለሁ» የሚል ወጣት የሚከራከረው ከራሱ ነርቭ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በመጋዞች ላይ የተገጠመው የሰንሰለት ፍሬን የተፈለሰፈው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከፊተኛው እጀታ ፊት ያለው መከላከያ ወደፊት ሲገፋ፣ ወይም በዘመናዊዎቹ ላይ መጋዙ በድንገት ሲፈናጠር፣ ፍሬኑ ሰንሰለቱን ቀጥ ያደርገዋል። ብዙ እጅ ያለፈበት የተውሶ መጋዝ ላይ መጀመሪያ ሊፈተሽ የሚገባውም ይህ ፍሬን ነው።

በደም የማይታይ ጉዳት

ጉዳት ሁሉ ቁስል አያሳይም። የሞተር መጋዝ ድምፅ በሠራተኛው ጆሮ ዘንድ ከ100 ዴሲቤል በላይ ይደርሳል። በስፋት የሚሠራበት የጥንቃቄ መመሪያ በ85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት መሥራትን ይፈቅዳል። 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል እጥፍ ስለሚሆን የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 106 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው ጊዜ ከ4 ደቂቃ ያነሰ ነው። የጆሮ መከላከያ የሌለው ሰው ግማሽ ቀን ሙሉ ሲቆርጥ ቢውል የሚከፍለውን ዋጋ ምናልባት የሚያውቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

የፕሮሶፒስ ፈተና

በድሬዳዋና በአካባቢዋ የሞተር መጋዝን ተፈላጊ ከሚያደርጉት ዛፎች አንዱ ፕሮሶፒስ ነው። አገሩ መካከለኛው አሜሪካና ሰሜናዊው ደቡብ አሜሪካ የሆነው ይህ እሾሃም ተክል ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ እንደሆነ፣ መጀመሪያ ከተተከለባቸው ቦታዎች አንዱም እዚሁ ድሬዳዋ የሚገኘው የጎሮ ችግኝ ጣቢያ እንደሆነ በጥናቶች ተጠቅሷል። ዛሬ በአፋርና በሶማሌ አካባቢዎች ሰፊ የግጦሽ መሬት ወርሷል።

ፕሮሶፒስን በተውሶ መጋዝ መቁረጥ ሦስት አደጋዎችን በአንድ ላይ ያመጣል። አንደኛ፣ ከአንድ ሥር ብዙ ግንዶች ተጠጋግተው ስለሚበቅሉ የመጋዙ ጫፍ ከፊት ያለውን ግንድ ቆርጦ ከጀርባ የተደበቀውን ሊነካ ይችላል፤ ርግጫ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ሁለተኛ፣ እርስ በርስ ተጠላልፈው የጎበጡ ቅርንጫፎች እንደ ተለጠጠ ቀስት ጉልበት አምቀው ይቆያሉ፤ ሲቆረጡም ያመቁትን ሁሉ በቅጽበት ይለቁታል። ሦስተኛው ከዛፉ ተፈጥሮ ጋር የተያያዘ ነው። ፕሮሶፒስ ከመሬት በላይ ቢቆረጥ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ እንዳይመለስ ከተፈለገ ከአፈር በታች ማደጊያ እንቡጡ ካለበት ዝቅ ብሎ መቆረጥ አለበት። መጋዙ ግን አፈር መንካት የለበትም። በአሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ እጅግ ጠንካራ ማዕድን በመሆኑ የጥርሶቹን ስለት በሰከንዶች ውስጥ ያደንዛል። ስለዚህ ለግንዱ መጋዝ፣ ለሥሩ ግን ዶማና መጥረቢያ ያስፈልጋል። ይህንን ያልተነገረው ተዋሽ መጋዙን አደንዝዞ፣ ዛፉንም ሳይገድል ይመለሳል።

የደነዘዘ ሰንሰለት ራሱን የቻለ ምልክት አለው። ስለታም ጥርስ የሚተፋው ደህና መጠን ያለው ፍቅፋቂ ነው፤ የደነዘዘው ግን እንደ ዱቄት የደቀቀ ሰጋቱራ ያወጣል። ያን ጊዜ ሠራተኛው መጋዙን መጫን ይጀምራል፤ ድካሙም አደጋውም ይጨምራል። መፍትሔው ክንድ ማበርታት ሳይሆን ሞረድ ማንሳት ነው።

ወዳጅነትን የሚያቃጥል ቤንዚን

ከውሰት በኋላ ከሚነሱ ጠቦች አንዱ «ደህና ነበር፣ አንተ አበላሸኸው» የሚለው ነው። አብዛኞቹ የሞተር መጋዞች ባለ ሁለት ምት ሞተር ያላቸው ሲሆኑ እንደ መኪና ለሞተሩ ለብቻው የዘይት ማጠራቀሚያ የላቸውም። ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር የተደባለቀው ዘይት ነው። በብዙዎቹ የዘመኑ ሞተሮች መጠኑ አንድ ለ50፣ ማለትም ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ነው። ይህንን የማያውቅ ሰው ንጹሕ ቤንዚን ሞልቶ ቢያስነሳው፣ ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ደህና መስሎ ይሠራና ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ጥፋቱ የማን ነው? ያልጠየቀው ተዋሽም፣ ሳይነግር የሰጠው አዋሽም ድርሻ አላቸው።

እንዴት እናውሰው?

መልሱ «አታውሱ» የሚል አይደለም። መጋዙን የከለከልነው ጎረቤት ዛፉን መቁረጡ ላይቀር ይችላል፤ ምናልባትም በባሰ መሣሪያ ይሞክረዋል። ይልቁንስ ከዕድሮቻችን ልንማር እንችላለን። ዕድር ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ብረት ድስቱን ለአባላት ሲሰጥ መዝግቦ፣ ቆጥሮና ኃላፊ መድቦ ነው፤ በዚህ ሥርዓት የሚቀየም አባል የለም። መጋዝም ከነሙሉ ዕቃው ቢዋስ መልካም ነው፤ የራስ ቁር፣ የዓይንና የጆሮ መከላከያ፣ ጓንት፣ የእግር መከላከያ፣ ሞረድና የተደባለቀ ቤንዚን። አንድ ሰው ብቻውን ሊገዛው የሚከብደውን የመከላከያ ዕቃ የሰፈር ዕድር በጋራ ሊገዛው ይችላል። በድሬዳዋ ሙቀት ወፍራም ልብስ መልበስ እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ስለዚህ ሥራው ማለዳ ይጀመር፣ ፀሐይ ሳትበረታም ይብቃ። የሚጣል ዛፍ ካለ ደግሞ ከቁመቱ ሁለት እጥፍ ርቀት ውስጥ ከቆራጩና ከረዳቱ በቀር ማንም አይቁም።

ከሁሉም በላይ ግን መጋዙን የሚያውቅ ሰው አብሮት ይሂድ። ባለቤቱ ራሱ ቢሄድ ይመረጣል፤ ካልሆነም ተዋሹ በባለቤቱ ግቢ አንድ ግንድ በዓይኑ ፊት ቆርጦ ያሳየው። ይህ ንፉግነት ወይም አለመተማመን አይደለም፤ ከሠላሳ ሰው ጉልበት ጋር ተነጥሎ የቀረውን የደቦ ዓይን መልሶ ማምጣት ነው። ጎረቤታችን መጋዙን ሲመልስ ሰንሰለቱንና ሞተሩን መርምረን እንቀበላለን። አሥሩም ጣቶቹ አብረው እንዲመለሱ ከፈለግን ግን ሥራችን መጋዙን ከመስጠታችን በፊት ይጀምራል።