አስተኝቶ የሚቀሰቅሰውን ማን ያስተምረዋል?

ከቤተሰብ አንድ ሰው ኦፕራሲዮን ሲደረግ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሐኪሙ ማነው?» የሚለው ነው። የሰርጀኑን ስም ሁሉም ይይዛል፣ እናቶችም ይመርቁታል። «ማነው ያስተኛት?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ማደንዘዣ በብዙዎቻችን ሐሳብ አንዲት መርፌ ናት። ትወጋለህ፣ ትተኛለህ፣ ትነቃለህ፣ በቃ።

ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሙሉ ሰመመን የተሰጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ መተንፈስ ያቆማል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ትንፋሹ፣ የደም ግፊቱና የልብ ምቱ በራስጌው በቆመው ባለሙያ እጅ ነው። ሰርጀኑ ቁስሉን ሲያይ እሱ ሰውየውን ያያል። ማስተኛቱ ቀላሉ ሥራ ነው፤ ከባዱ በሰላም አቆይቶ መቀስቀሱ ነው።

አገራችን ውስጥ ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት ሐኪም ያልሆኑ አንስቴቲስቶች ናቸው። ድሮ ልምድ ያላቸው ነርሶች ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው ይገቡበት ነበር። ዛሬ ተማሪዎች በቀጥታ የሚገቡበት የመጀመሪያ ዲግሪ አለ። ከዚያ በላይ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲንና ጎንደር ዩኒቨርሲቲን በመሳሰሉ ተቋማት የሚሰጥ ሁለተኛ ዲግሪ አለ። የዛሬው ጉዳያችን ይህ የመጨረሻው ነው፤ በተለይም እሱን የሚመራው ሰው።

የካ ክፍለ ከተማ የምትኖሩ የዚህን ሙያ ክብደት ከሩቅ መፈለግ የለባችሁም። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል እዚያው ሰፈራችሁ ነው። ኮተቤ ስትደርሱ ደግሞ የካ ኮተቤ ሆስፒታል አለ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የአገሪቱ ዋና የሕክምና ማዕከል የሆነው እሱ ነበር። ያኔ ሁሉም ሰው «ቬንትሌተር» የሚለውን ቃል ለመደ። ማሽኑ ግን ብቻውን ማንንም አያድንም። ቱቦውን ወደ አየር ቧንቧ በትክክል የሚያስገባና ማሽኑን እንደ በሽተኛው ሁኔታ የሚያስተካክል ሰው ይፈልጋል። አንስቴቲስት በየቀኑ የሚለማመደው ይህንኑ ነው።

አሁን ከየካ ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ ቀና በሉ። አትሌቶቻችን ማልደው የሚሮጡበት ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከታች ያለችው ከተማም ብትሆን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። እዚህ አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እንደ የትም ቦታ 21 በመቶ ነው፤ የአየሩ ግፊት ግን ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ጋር ሲነጻጸር ወደ ሦስት አራተኛ ዝቅ ይላል። እንጦጦ ስትወጡ ቶሎ የሚያለከልካችሁ ለዚህ ነው።

ይህ ከማደንዘዣ ጋር ምን አገናኘው? ብዙ። በሽተኛው ከመተኛቱ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ንጹሕ ኦክስጅን እንዲስብ ይደረጋል። ሳንባው ውስጥ ስንቅ ይያዝለታል ማለት ነው። ባለሙያው ቱቦውን እስኪያስገባ ሰውነት የሚኖረው በዚያ ስንቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያው ሳንባ የሚይዘው ስንቅ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚይዘው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ቱቦው አልገባ ካለ ያለው ጊዜ ያጥራል። «የሳቅ ጋዝ» የሚባለው ናይትረስ ኦክሳይድም ከፍታ ላይ ኃይሉ ይቀንሳል። የምናስተምርባቸው ዋና ዋና መጻሕፍት ደግሞ በአብዛኛው የተጻፉት በዝቅተኛ ቦታ ለሚሠሩ ሰዎች ነው።

የፕሮግራም መሪው የመጀመሪያ ሥራ እዚህ ጋ ይታያል። መጽሐፉን ከአገሩ ጋር ማስታረቅ አለበት። «ይህ እዚህ ከፍታ ላይ ይሠራል? መብራት ቢጠፋስ? የኦክስጅን ሲሊንደሩ ቢያልቅስ? መድኃኒቱ ባይኖር በምን ይተካል?» ብሎ ሥርዓተ ትምህርቱን ራሱን መጠየቅ ይኖርበታል። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የመመረቂያ ጥናት ዋጋም እዚህ ላይ ነው። መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚለብስ ወረቀት ከሚሆን፣ ነገ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ አንድ ነገር የሚቀይር ጥያቄ ቢሆን ይሻላል።

ሁለተኛው ሥራ የበለጠ ይከብዳል። ተማሪው ብቻውን በሽተኛ ራስጌ መቆም የሚችለው መቼ ነው? ይህን መወሰን የሱ ነው። ክፍል ውስጥ 90 ያመጣ ልጅ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደም እየፈሰሳት የመጣች ወላድ ፊት እጁ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ስለዚህ ውጤት ብቻውን አይበቃም። ተማሪው ስንት ሕፃን አስተኛ? ስንት ድንገተኛ ቀዶ ጥገና ላይ ቆመ? ከጎኑ ማን ነበር? ሲሳሳትስ ማን አረመው? እነዚህ መመዝገብ አለባቸው፤ መዝገቡም ለፊርማ ብቻ የሚሞላ መሆን የለበትም።

የኢትዮጵያ ፈተና ታዲያ እዚህ ላይ ይጠናል። ባለሙያ ያንሰናል፤ ይህ ሐቅ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ሪፖርት በዓለም ላይ 5 ቢሊዮን ሰዎች ደኅንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ጥገናና ማደንዘዣ በአቅማቸውና በጊዜው እንደማያገኙ ገልጾ ነበር። ለ100,000 ሰው ቢያንስ 20 የቀዶ ጥገና፣ የማደንዘዣና የማዋለድ ስፔሻሊስት ሐኪሞች እንዲኖሩም ግብ አስቀምጧል። እኛ ከዚያ በጣም ሩቅ ነን። ክፍተቱን የሸፈንነው አንስቴቲስቶችን በብዛት በማሠልጠን ነው፤ ውሳኔውም ብዙ ሕይወት አትርፏል። ነገር ግን ቁጥሩ ሲጨምር አስተማሪው፣ ማሽኑና የልምምድ ቦታው እኩል አልጨመሩም። አንድ ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ዙሪያ ብዙ ተማሪ ሲቆም አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ያያል። በማየት ብቻ ደግሞ አንስቴቲስት አይኮንም።

መንግሥት ለዚህ ያበጀው ማጣሪያ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ የጤና ባለሙያዎች ደግሞ የሥራ ፈቃድ ለማግኘት የብቃት ምዘና አለባቸው። ጥሩ ነው። ግን ፈተና የሚያጣራው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ተማሪውን ፊት ለፊት እያየ «ገና ነህ፣ ሁለት ወር ጨምር» ማለት የሚችለው የፕሮግራሙ መሪ ነው። «ገና ነህ» ማለት ደግሞ ቀላል አይደለም። ተማሪው ይከፋዋል፣ ወላጅ ይደውላል፣ የላከው ሆስፒታልም «ሰው ቶሎ ላኩልን» ይላል። መሪው ሲያመነታ የሚከፍለው ግን ተማሪውም ወላጁም አይደሉም። ተኝቶ ያለው ሰው ነው።

አሜሪካን እንመልከት። እዚያ የነርስ አንስቴቲስት ፕሮግራም የሚመራው ሰው ራሱ ፈቃድ ያለው ነርስ አንስቴቲስት መሆን አለበት። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ አዲስ የሚገባ ተማሪ ሁሉ የሚማረው በዶክትሬት ደረጃ ነው። እኛ ዲግሪውን ለመቅዳት መቸኮል የለብንም። መርሁን ግን ብንወስደው አይከፋም፤ ሙያውን የሚመራው ሙያውን የሚሠራ ይሁን። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ጎበዙ ባለሙያ ሁለተኛ ዲግሪውን ሲይዝ ወደ ቢሮ ይሳባል። ስብሰባ፣ ሪፖርት፣ ፕላን እያለ ከኦፕራሲዮን ክፍል ይርቃል። ጥቂት ዓመት ሲቆይ የሚያስተምረው ትዝታውን ይሆናል። በሳምንት አንድ ቀንም ቢሆን ጋውን ለብሶ ከተማሪው ጎን የሚቆም መሪ ከአሥር መመሪያ ይበልጣል። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ያንን ቀን እንደ ትርፍ ጊዜ ሳይሆን እንደ ሥራው ሊቆጥሩለት ይገባል።

ለእናንተስ? ይህን ሙያ ለመማር የምታስቡ ካላችሁ፣ ትምህርት ቤት ስትመርጡ ስለ ሕንፃው አትጠይቁ። «ተማሪ በእጁ ስንት ጊዜ ይሠራል? አስተማሪዎቹ ራሳቸው ኦፕራሲዮን ክፍል ይገባሉ?» በሉ። እናንተ ወይም ቤተሰባችሁ ቀዶ ጥገና ካላችሁ ደግሞ ከዋዜማው የሚመጣውን አንስቴቲስት በደንብ አናግሩት። መቼ እንደበላችሁ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት፣ አለርጂ ካለባችሁ፣ ከዚህ በፊት ማደንዘዣ አስቸግሯችሁ ከነበረ አትደብቁት። አስም ካለባችሁ ወይም የምታጨሱ ከሆነም ንገሩት። ስሙንም ጠይቁት። እዚያ ለመድረስ ስንት ጊዜ «ገና ነህ» ተብሎ እንደተመለሰ አታውቁም። ያ መመለስ ግን እናንተን ለመጠበቅ ነበር።